ለዓመታት የቆመ አርቪ ገዝቶ መንገድ ማስገባት፦ የወራት ልምዴ

መኪናው የ2006 ምርት ሞተርሆም ነው፤ አርቪ የሚባለው፣ እንደ ቤት የሚታደርበት መኪና ማለት ነው። ሻሲው ፎርድ ኢ-450፣ ሞተሩ 6.8 ሊትር ቪ10 ነው። ከሾፌሩ ራስ በላይ አልጋ አለው፤ እዚህ አሜሪካ «ክላስ ሲ» የሚሉት ዓይነት። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሰው ቤት ጎን ለብዙ ዓመታት ቆሞ ኖሯል። የተነዳው 34 ሺህ ማይል ብቻ ነበር። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈውም ይኸው ቁጥር ነው።

ከወራት በኋላ የምነግራችሁ ነገር ቢኖር ያንን ቁጥር አትመኑት ነው። ቆሞ የኖረ መኪና ብረቱ ብዙም አይጎዳም። የሚሞተው ጎማው፣ ጎሚኒው፣ ነዳጁ፣ የፍሬን ዘይቱና የጣሪያው ማሸጊያ ነው። የእኔም ገንዘብ በሙሉ የሄደው እዚያ ላይ ነው።

ከመግዛቴ በፊት አሌክሳንድሪያ ጋራዥ ያላቸውን አንድ ጋሼ ለምኜ ይዤ ሄድኩ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ መኪና ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሻጩ ቶሎ ብሎ ሞተሩን አስነሳ። እሳቸው ግን የእጅ ባትሪ ይዘው ጎማው ሥር ተንበረከኩ። «ልጄ፣ ሞተሩ ይቆየን። መጀመሪያ ይሄን ልየው» አሉኝ።

ጎማው ከሩቅ ሲታይ አዲስ ይመስላል። ጥርሱ አላለቀም። ግን ጎኑ ላይ «ዲኦቲ» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ፤ እነሱን አነበቡልኝ፦ 2312። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። በ2012 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ማለት ነው። ጎኑን በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉት ቀጫጭን ስንጥቆች ተከፈቱ። ጣታቸውን ሲያነሱ ተመልሰው ተዘጉ። ባዶ ዓይን እንዲሁ ቢያየው አያገኘውም።

ይህ መኪና ፊት ሁለት፣ ኋላ አራት ጎማ ነው ያለው። የኋላ ውስጠኞቹን ማንም ጎንበስ ብሎ አያይም። አንዱ በሀይዌይ ፍጥነት ቢፈነዳ ከሥር ያለውን የውሃና የኤሌክትሪክ መስመር ይዞ ይሄዳል። ስድስቱንም አስቀየርኩ። ከሺህ ዶላር በላይ ወጣብኝ፤ ግን ልጆቼን ጭኜ እዚህ ላይ ገንዘብ አልቆጥብም።

ቀጥሎ ፍሬን። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዓመታት ሲቆይ ውስጥ ውስጡን ብረት ያዝጋል፣ ሲሞቅም ቶሎ ይፈላል። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስቀየርን፤ ጥቁር ሆኖ ነበር የወጣው። ከዚያ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ጥቂት ነድተን ወርደን የእያንዳንዱን ጎማ ሙቀት ለካን። የፊት ግራው ከሌሎቹ በጣም ይሞቃል። ምክንያቱ ዘይቱን ወደ ፍሬኑ የሚወስደው የላስቲክ ቱቦ ነበር። ከውጭ ደህና ይመስላል፣ ከውስጥ ግን አብጦ ጠቧል። ፍሬን ሲረገጥ ዘይቱ በግፊት ያልፋል፣ እግር ሲነሳ ግን ቶሎ አይመለስም። ስለዚህ ሸራው ዲስኩን እንደነከሰ ይቀራል። ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይረን ነው ለዓመታዊው የቨርጂኒያ ምርመራ የወሰድኩት። ቦሎው ሲለጠፍልኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ነዳጁን በተመለከተ እዚህ አገር የሚሸጠው አብዛኛው ቤንዚን እስከ አሥር በመቶ ኢታኖል አለው። ኢታኖል ውሃ ይስባል፤ ሲቆይ ከቤንዚኑ ተለይቶ ታንከር ሥር ይተኛል። የድሮውን በሙሉ አስወጣን፣ ፊልትሮ ቀየርን። ሞተሩ ካንዴላና ዘይት ብቻ ተቀይሮለት እስከ ዛሬ አላስቸገረኝም። ለዚህ ቪ10 ክብር አለኝ። ጄኔሬተሩ ግን ካርቡሬተር ያለው ነው፤ ውስጡ ቤንዚኑ ደርቆ ሙጫ ሆኖ ጠበቀን። ተፈቶ ታጥቦም አልሆነም፤ አዲስ ካርቡሬተር ገባለት። አሁን በየወሩ ኤርኮንዲሽነሩን አብርቼ፣ ጭነት ሰጥቼው ለሁለት ሰዓት ያህል አሠራዋለሁ። ያለ ጭነት ማስነሳቱ ብዙ አይጠቅመውም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ጄኔሬተሩ ከመኪናው ታንከር ነው የሚጠጣው። ነዳጁ ሩብ ገደማ ሲደርስ ግን ቱቦው አይደርስበትምና ይጠፋል። ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደነግጡ፤ መንገድ ላይ ነዳጅ ጨርሳችሁ እንዳትቀሩ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ጣሪያው። አርቪ ሲገዛ ሰው ኮፈኑን ነው የሚከፍተው። እኔ ግን መሰላል ይዛችሁ ሂዱ እላለሁ። ጣሪያው ላይ የተዘረጋው ነጭ ላስቲክ ራሱ ብዙ ዓመት ይኖራል። ቀድሞ የሚሰነጠቀው በአየር ማስገቢያዎቹ፣ በኤርኮንዲሽነሩና በዳር ዳሩ የሚፈስሰው ማሸጊያ ነው። ውሃ በዚያች ስንጥቅ ገብቶ ከገባበት ቦታ አይወጣም፤ እንጨት እንጨቱን ይዞ ይወርዳል። የዚህ ዓይነት መኪና ደካማ ቦታው ከሾፌሩ በላይ ያለው አልጋ ነው። ፍራሹን አንስቼ የቀኙን ጥግ በካቻቢቴ ጀርባ መታ መታ አደረግኩት። ሌላው ቦታ ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፤ እዚያ ጋ ድምፁ ሞተ። ሲከፈት እንጨቱ እንደ ድርቆሽ በእጄ ተፈረፈረ። የበሰበሰውን ቆርጠን አወጣን፣ ለቀናት በማራገቢያ አደረቅን፣ አዲስ እንጨት ገባ። ከዚያ የጣሪያውን አሮጌ ማሸጊያ ፍቀን፣ ለአርቪ ጣሪያ የተሠራውን ራሱን በራሱ የሚዘረጋ ማሸጊያ አፈሰስንበት። ከዚያ ወዲህ የመጣው ዝናብ ሁሉ ወርዶበታል። ጥጉን በየጊዜው እዳስሳለሁ፤ ደረቅ ነው።

የፕሮፔን ጋዙ ላይ አጭር ልሁን፤ በዚህ ግን አልደራደርም። ጋዝ ሲያፈስ የሚያስጠነቅቀው ጠቋሚ መሣሪያ ዕድሜ አለው፤ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ነው የሚሠራው፣ ጀርባው ላይ ቀኑ አለ። የእኔው ጊዜው ካለፈ ቆይቶ ነበርና አዲስ አስገባሁ። መስመሩን በሙሉ ባለሙያ በግፊት ፈተነው፣ መቆጣጠሪያውም ተቀየረ። ማቀዝቀዣው በጋዝም በኤሌክትሪክም ይሠራል። ማቃጠያው ውስጥ ሸረሪት አድርታበት ነበር፤ ከተጠረገ በኋላ ጥሩ ነው። ብቻ መኪናው ለጥ ያለ ቦታ ላይ መቆም አለበት፣ ለመቀዝቀዝም ጊዜ ይፈልጋል። ሥጋና ቅቤ የምትጭኑ ከሆነ ከዋዜማው አብሩት። የውሃ ታንከሩን ደግሞ በየ15 ጋሎኑ ሩብ የአሜሪካ ካፕ (60 ሚሊ ሊትር ገደማ) በረኪና ጨምሬ አሳድሬ አጠብኩት።

አጠቃቀሙስ? ብዙ የምንሄደው ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በፓርኩ ውስጥ በሚያልፈው ስካይላይን ድራይቭ መንገድ ላይ የሜሪስ ሮክ ዋሻ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። የመኪናችሁን ቁመት ከነኤርኮንዲሽነሩ ለክታችሁ ሾፌሩ ፊት ለጥፉት። የእኛው ያልፋል። ቁልቁለት ላይ ማርሹ ላይ ያለውን የ«ቶው ሆል» ቁልፍ ስጫን ማርሽ ራሱ ይይዘዋል፣ ፍሬኑ አይግልም። ቢግ ሜዶውስ ካምፕ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚሰካበት ቦታ የለም፤ ሁሉ ነገር በባትሪ፣ በጋዝና በጄኔሬተር ነው። ለመኖሪያው ክፍል መብራት የሚሰጡትን አሮጌ ባትሪዎች የቀየርኩትም ለዚህ ነው።

ለሐበሻ ቤት አንድ ስሌት። ኤሌክትሪክ ያለው ካምፕ ስትገቡ ባለ 30 አምፒር መስመር 3,600 ዋት ነው የሚሰጣችሁ። የኤሌክትሪክ ምጣዱ 1,400 ዋት ገደማ፣ ኤርኮንዲሽነሩም የዚያኑ ያህል ይወስዳሉ። ኤርኮንዲሽነሩ በርቶ እማዬ እንጀራ ስትጋግር ማይክሮዌቭ የከፈተ ሰው ብሬከሩን ይጥለዋል። ስለዚህ እሷ ምጣድ ስትጥድ ኤርኮንዲሽነሩን እናጠፋለን። ቡናው ደግሞ ውጭ፣ ከጥላው ሥር ነው የሚቆላው፤ ውስጥ ከተቆላ የጭስ ጠቋሚው ዝም አይልም።

የማልወደውም አለ። በጋሎን ስምንት ማይል ገደማ ነው የሚሄደው፤ ነዳጅ ማደያ ስቆም ያማል። ንፋስ ሲነሳ፣ ትልቅ ትራክ ሲያልፈኝም መሪውን በሁለት እጅ አጥብቄ ነው የምይዘው። የጥላው ጨርቅ ሳስቷል፤ ከክረምት በፊት ይቀየራል። ክረምቱ ሳይገባ የውሃ ቱቦዎቹን ማፍሰስና ሮዙን የአርቪ አንቱፍሪዝ መሙላት ሌላ ሥራ ነው።

ቢሆንም መኪናውን ወድጄዋለሁ። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ድንኳን አይሆናትም፤ በዚህ ግን የራሷ አልጋና መታጠቢያ ይዛ ከልጅ ልጆቿ ጋር ተራራ ላይ ታድራለች። ለእኔ ወጪው ሁሉ ለዚህ ይገባዋል።

ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ዋጋ ስትከራከሩ የስድስት ጎማ፣ የፍሬን ቱቦዎች፣ የባትሪና የጣሪያ እድሳት ወጪን ከተጠየቀው ላይ ቀንሱ። ሻጩ «ጎማው እኮ ጥርሱ አለ» ቢላችሁ አራቱን አሃዞች አሳዩት። ጣሪያው ላይ እንዳትወጡ ከከለከላችሁ ደግሞ ግዢውን ተዉትና ወደ ቤታችሁ ሂዱ።