የስፖርት ዲኤንኤ ኪት፦ ድንጋይ ለሚወጣ ሰው ብር ማባከን ነው

አቦ እኔ አልመክርም። ኪቱ ጂንህን አይቶ ለየትኛው ስፖርት እንደምትሆን እነግርሃለሁ የሚል ምርመራ ነው። ካናዳ ያለች እህቴ ናት የላከችልኝ፣ ጉንጭህን ከውስጥ በጥጧ ታሻሽና ቱቦ ውስጥ ከተህ መልሰህ ትልካለህ፣ እሱ ቀላል ነው ግን ከድሬ ወደ ውጭ መላኩ ራሱ ሌላ ወጪ ነው። ውጤቱ ሲመጣ ኤሲቲኤን 3 የሚባለው ጂንህ ኤክስኤክስ ነው፣ በአንዴ የሚፈነዳ ጉልበት የለህም፣ ረጅም ሩጫ ሞክር ይላል። በዓለም ከ5 ሰው 1ዱ ገደማ እንደዚህ ነው እኮ! ጂኑ ፈጣን የጡንቻ ክር ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው የሚሰራው፣ ኤክስኤክስ ማለት ያ ፕሮቲን የለህም ማለት ነው፣ ለ100 ሜትር ሯጭ ወይ በፍጥነት ለሚወጣው የ15 ሜትር የውድድር ግድግዳ ትንሽ ለውጥ ያመጣ ይሆናል፣ ባቢሌ ድንጋይ ላይ ግን ወሳኙ የጣት ጥንካሬና የእግር አቀማመጥ ነው፣ በዛ ሙቀት እጅህ አልቦህ ሲያንሸራትትህ ጂን ምን ያደርግልሃል? ስለ ጣትና ስለ እግር አቀማመጥ ሪፖርቱ አንድ መስመር የለውም። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 የዘርፉ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ምርመራ ተሰጥኦ ለመለየት አይሆንም ብለው በጋራ መግለጫ አውጥተዋል። ልጅዎን ለማስመርመር ያሰቡ ወላጆች ይቅርባችሁ፣ በብሩ ደህና የድንጋይ መውጫ ጫማ ግዙለት። 2 ኮከብ፣ እሱም ማሸጊያው ስለሚያምር።