ጢስ አባይ ድልድይ ላይ ቀለበት ሳወጣ ፎቶ ስላነሱን ልጆች ያለኝ አስተያየት

ባህር ዳር አካባቢ ሰርፕራይዝ ፕሮፖዛል የሚያነሳ ሰው የምትፈልጉ ካላችሁ ይሄን አንብቡት፣ ረዘም ይላል ግን እኔ በጊዜው እንዲህ ያለ ነገር ፈልጌ ምንም ስላጣሁ ነው ሁሉንም የምጽፈው። ያነሱን ሁለት ናቸው፣ ዋናው ፎቶግራፈርና ረዳቱ ልጅቷ። ስቱዲዮአቸው ትንሽ ናት፣ በብዛት የሚሠሩት ሰርግና ምርቃት ነው፣ እኔም ያገኘኋቸው የእህቴን ምርቃት ስላነሱ ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት ዘጌ ነበር። ፍቅረኛዬን በጀልባ ወስጃት፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ከነዛ ሥዕሎቹ ፊት ለፊት ቀለበቱን ላወጣ። ልጁ እስክጨርስ ሰማኝና "ወንድሜ፣ እዛ እኮ ሰው ለጸሎት ነው የሚሄደው፣ ካህናቱም ቅር ይላቸዋል እሷም ትሳቀቃለች፣ እኔ እዛ አላነሳም" አለኝ። ሥራ ይዤለት ሄጄ እምቢ ያለኝ ባለሙያ አጋጥሞኝ አያውቅም፣ እውነቴን ነው ከዛች ደቂቃ ጀምሮ አመንኩት። ከዛ እሷ የየት አገር ልጅ እንደሆነች ጠየቀኝ። ደብረ ታቦር አልኩት። አንተስ? ደንበጫ። "በቃ ድልድዩ ላይ ነዋ!" አለ።

ላላያችሁት፣ ጢስ አባይ ከባህር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቲኬት ቆርጣችሁ በእግር ስትወርዱ ከፏፏቴው በፊት የድሮውን የድንጋይ ድልድይ ታገኛላችሁ፣ ብዙ ሰው የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል፣ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ በፈረንጆቹ 1626 የተሠራ ነው። አስጎብኚዎቹ ድንጋዩ በኖራና በእንቁላል ነው የተያያዘው ይላሉ። የእኔን ጎጃምና የእሷን ቤጌምድር የሚለየው አባይ ነው፣ እና ያ ድልድይ ይሄው አራት መቶ ዓመት ገደማ ሙሉ ከወዲህ ወዲያ ሰው ያሻግራል፣ ዛሬም ገበሬው አህያውን ጭኖ ይሄድበታል። እኔ ስንት ጊዜ ተሻግሬበት እንዲህ አስቤው አላውቅም። ፎቶ ለማንሳት ቦታ መምረጥ ማለት ይሄ መሰለኝ፣ ከኋላ የሚያምር ነገር መፈለግ ብቻ አይደለም።

ዝግጅቱ ላይ ነው እንግዲህ ልጁ ገንዘቡን የበላው፣ በጥሩው ማለቴ ነው። ከቀኑ አምስት ቀን በፊት እኔን ብቻ ይዞኝ ሄደ፣ በዛችው ሰዓት ማለት ጠዋት ሁለት ተኩል አካባቢ፣ ብርሃኑን ለማየት። ስድስት ሰዓት ላይ ከሆነ ፀሐዩ አናት ላይ ስለሚሆን ዓይናችሁ ሥር ጥቁር ጥላ ይወድቃል አለኝ። የገበያ ቀን አትምረጥ፣ ድልድዩ ጠባብ ነው በአህያ ይሞላል አለኝ። ረዳቱን እሷን አድርጎ አቁሞ አለማመደኝ፣ "ጎንህን ስጠኝ፣ ጀርባህን ከሰጠኸኝ የማነሳው ጃኬትህን ብቻ ነው"፣ ሳጥኑን ከአገጭህ በታች ያዘው ፊትህን እንዳይሸፍን፣ ክዳኑን ወደ እሷ ክፈተው፣ እሺ ካለችህ በኋላም ቶሎ ብድግ አትበል በልብህ አምስት ቁጠር፣ ምክንያቱም ቆንጆው ፊቷ የሚመጣው ያኔ ነው። ይሄን የመጨረሻውን የትም ብትነሱ ያዙት። ድሮን ጠይቄው ነበር፣ ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው በዛ ላይ ድምፁ ያጋልጠናል ብሎ እቅጩን ነገረኝ።

ቀኑ መስከረም ማብቂያ ነው። እህቴ ደግሞ ከማታው ደውላ "መንገዱ ያዳልጣል ዝቅ ያለ ጫማ አድርጊ፣ ግን ያን ነጩን ቀሚስ ልበሺ ፎቶ ትነሻለሽ" ብላ አሳምናታለች። ፎቶግራፈሩ በሌሊት ሄዶ ማዶ ካለው ዳገት ቁጥቋጦ ሥር ባለ ረጅም ሌንስ ካሜራውን ይዞ ተቀምጧል፣ ረዳቱ ነጠላ ደርባ እንደ ጎብኚ በስልኳ ድልድዩን ቪዲዮ ትቀርጻለች። የመንደሩ ልጆች ሁሉ ያውቃሉ፣ ማስቲካ ገዝቶላቸው ዝም እንዲሉ ቃል አስገብቷቸዋል፣ አንድም አልተነፈሰም።

መሃል ስንደርስ ቆቤን አወለቅሁ፣ ምልክታችን ነበረች። ከዛ ያጠናሁት ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። ስሟን ብቻ ጠርቼ ተንበረከክሁ። እሷ መንገድ ላይ የገዛናትን የተጠበሰች እሸት እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ልክ በዛች ሰዓት ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ሽማግሌ አህያቸውን እየነዱ ብቅ አሉ፣ ጋቢ ለብሰው ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ እኔን መሬት ላይ ሲያዩኝ ደንገጥ ብለው "ምነው ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?" አሉኝ። "ምንም አልጠፋኝ አባቴ፣ አግቢኝ እያልኳት ነው" ስላቸው አህያቸውን አቆሙና ወደ እሷ ዞረው "እንግዲያማ ቶሎ መልሽለት ልጄ፣ ድንጋዩ ይቆረቁረዋል" አሏት። እያለቀሰች ሳቀች። እሺ ያለችኝ እየሳቀች ነው። ሽማግሌው እዛው ቆመው "እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ፣ ወልዳችሁ ሳሙ" ብለው መረቁን፣ እኛም አሜን አሜን አልን፣ ከዛ ሰላም ብለውን አህያቸውን እየነዱ አለፉ።

አሁን ፎቶውን ልንገራችሁ። ሌላ ፎቶግራፈር ቢሆን ሽማግሌው ሲመጡ ካሜራውን ያወርድ ነበር ወይ ደግሞ ከማዶ "አባባ ትንሽ ይቆዩ" ብሎ ይጮህ ነበር፣ ይሄ ልጅ አንዴም ሳያቋርጥ አንስቷል። አንደኛዋ ፎቶ ላይ እኔ ተንበርክኬ ቀና ብዬ ሽማግሌውን አያለሁ፣ እሷ እኔን ታያለች፣ ሽማግሌው እሷን ያያሉ፣ አህያዋ ደግሞ ካሜራውን። ሌላኛዋ ቀለበቱን ለመቀበል እሸቱን ከግራ እጇ ወደ ቀኝ ስታዛውር ናት፣ ጣቷ ላይ ከሰሉ ጥቁር ብሎ ይታያል፣ የእሸቱ ፀጉር ቀሚሷ ላይ ተጣብቋል። እኔ ስቱዲዮ ገብቼ ብነሳ አንዷንም አላገኛትም ነበር። ሞባይሌ ላይ አንድ ሺህ ጊዜ አይቻታለሁ።

ከዛ ዳገቱን ወጥተን ፏፏቴው ጋ አንድ ሰዓት ያህል አነሱን። ይሄ ክፍል ጥሩ ነው ግን ወቅቱን ካላወቃችሁ ትከስራላችሁ። ፏፏቴው ከፍታው 45 ሜትር አካባቢ ነው፣ በክረምት ውሃው ሲሞላ ወርዱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል፣ በበጋ ግን ብዙው ውሃ ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚገባ በጣም ይሳሳል። ልጁ ራሱ ሚያዝያ ላይ ብትመጣብኝ ሌላ ቦታ ነበር የምወስድህ አለኝ። ነሐሴ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ስለዚህ መስከረምና ጥቅምት ነው ጥሩው። ቀስተ ደመናውን ለማግኘት ፀሐይ ከኋላችሁ ጢሱ ከፊታችሁ መሆን አለበት፣ ለዛም ሰዓቱን አስልቶ ነበር፣ ካሜራውን በፌስታል ሸፍኖ ሌንሱን በየደቂቃው እየጠረገ ነው የሠራው። እኔ ግን እውነት ለመናገር ከፏፏቴው ፎቶዎች አልበም ውስጥ ያስገባሁት ሦስት ብቻ ነው፣ ልቤ ድልድዩ ላይ ነው የቀረው።

የተከፋሁበትም አለ። በሁለት ሳምንት አደርሳለሁ ብሎ 26 ቀን ፈጀ፣ የሰርግ ሰሞን ነው ይላል፣ ይገባኛል ግን ሳልደውል አንድ ቀን እንኳ ደውሎ አልነገረኝም። ሲመጣ ደግሞ ኤዲቱ አበሳጨኝ፣ እጮኛዬን ነጭ አድርገዋታል። ጠይም ናት፣ ጠይምነቷን ነው የምወደው፣ እናቷ ብታያት "ይቺ ማን ናት?" ነው የምትለው። ሄጄ በቁጣ ሳይሆን ቁጭ ብዬ ነገርኩት፣ ብዙ ደንበኛ እንደዛ ነው የሚፈልገው አለኝ፣ ግን አልተከራከረም፣ ሁሉንም ያለ ተጨማሪ ክፍያ በአራት ቀን እንደገና ሠርቶ ሰጠኝ፣ አሁን ፊቷ የራሷ ፊት ነው። ስለዚህ ቀብድ ስትከፍሉ ቆዳ አታንጡ ብላችሁ ከጅምሩ ተናገሩ። ሌላ፣ በቴሌግራም ሲልክላችሁ እንደ ፋይል እንዲልክ ጠይቁ፣ እንደ ፎቶ ከላከው ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል፣ እኔ የመጀመሪያዎቹን እንደዛ ተቀብዬ ላሳጥብ ስል ብዥ አሉብኝ።

ክፍያው በጠቅላላው 14 ሺህ ብር ነው፣ 5 ሺውን ቀብድ በቴሌብር ከፈልኩ፣ ቀሪውን ፎቶውን ስረከብ። 60 ኤዲት የተደረገ ፎቶ በሶፍት ኮፒ፣ አንድ ትንሽ አልበምና የረዳቷ ቪዲዮ አለው። የመኪና፣ የመግቢያ ቲኬትና የአስጎብኚ የራሳችሁ ነው። ውድ ነው የሚለኝ ጓደኛ አለ፣ እኔ ግን ልጁ ለብርሃን ብሎ ሁለቴ የተመላለሰበትን ስቆጥር አልበዛብኝም።

ቀለበት ካደረጋችሁ በኋላ ሽማግሌ መላክ ቀረ ወይ ለምትሉ፣ ኧረ አልቀረም፣ ኅዳር ላይ ደብረ ታቦር ሽማግሌ ልከናል። አባቷ ነገሩ ከነቀለበቱ ብዙም አልጣማቸውም ነበር፣ ያቺን ፎቶ ሲያዩ ግን ረጅም ሰዓት ይዘው ተመለከቷትና "እኚህ ሰውዬ ማን ናቸው?" ብለው ጠየቁ። የሆነውን ነገርናቸው። "ታዲያ ሽማግሌው ቀድሞ ደርሷላ" አሉና ፎቶውን ለራሳቸው አስቀሩት።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ፎቶግራፈሩ ሳልጠይቀው ያቺኑ ፎቶ አንድ ትልቅ አሳጥቦ ፍሬም አስገብቶ ጢስ አባይ ይዞ ሄዶ በመንደሩ ልጆች አፈላልጎ ለሽማግሌው ሰጥቷቸዋል። ሰርጋችን ጥር ላይ ነው፣ ሽማግሌውንም ጠርተናል፣ የሚያነሳንም እሱው ልጅ ነው፣ ቀብዱን ባለፈው ሳምንት ከፍለናል።