ከጉጉፍቱ ማዶ ላለችው አዋላጅ፦ የላክሻት እናት በደህና ወጥታለች

ደሴ ላይ ከየወረዳው በሪፈር የሚመጡ እናቶችን የምንቀበል አዋላጆች ነን። ይህን የምንጽፈው ከጉጉፍቱ ማዶ ባለው ደጋ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ለምትሠራ አንዲት ሲስተር ነው። ስሜን እንዳታነሱ ብላ ስለለመነችን አናነሳውም፤ የአካባቢው ሰው ግን ማንን እንደምንል አያጣውም። ሲስተር፣ ያቺ እናት ልጇን ታቅፋ በእግሯ ሄዳ ከክፍላችን ወጥታለች። እድሜ ይስጥሽ፣ ኑሪልን።

አንድ ሪፈር በወጉ ተሠራ ብሎ ይሄን ያህል ምስጋና ምንድን ነው የሚል ካለ፣ ሌላ ቦታ የሚሆነውን ይስማ። የቦታ ስም አንጠራም። በእርግዝና ደም ግፊት የተያዘች እናት እየተንቀጠቀጠች ትደርሳለች። ወረቀቷ ላይ ያለው «ለተሻለ ሕክምና» የሚል ብቻ ነው። ግፊቷ ስንት ነበር? አልተጻፈም። ምን ተሰጣት? አልተጻፈም። አብሯት የመጣ ባለሙያ የለም፤ ሹፌሩን ብንጠይቀው እሱ ምን ያውቃል! አንዳንዱ መንቀጥቀጡን የሚከላከለውን መድኃኒት፣ ማግኒዝየሙን፣ ሰጥቶ ሰዓቱን «8፡00» ብሎ ይተወዋል። የፈረንጅ ነው የሀበሻ? በሁለቱ መካከል 6 ሰዓት አለ፤ ቀጣዩ መርፌ ደግሞ በየ4 ሰዓቱ ነው። ጊዜው ሳይደርስ ብንደግመው ትንፋሿን ያዳክመዋል፣ ብናዘገየው መንቀጥቀጡ ይመለስባታል። አንድ መስመር መጻፍ ያህል ነገር እናት ላይ እንዲህ ይጫወትባታል።

አሁን የሲስተርን ሥራ ተመልከቱ። እናቲቱ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፣ ወሯ ገብቷል። ራሷን ይፈልጣታል፣ ዓይኗ ይብዥብዛል፣ ከደረቷ በታች ያማታል። ግፊቷ 170/115፣ ሽንቷ ላይ ፕሮቲን ሦስት ፕላስ። አማቷ እንዳጫወቱን ቤተሰቡ ልክፍት ነው ብሎ ይዟት ሊመለስ ነበር። ሲስተር አልተቆጣችም፣ አላንቋሸሸችም። ዱዓውም ጠበሉም ከመርፌው በኋላ ይደርሳል ብላ አማትየዋን ወንበር ሰጥታ አጠገቧ አስቀመጠቻቸው።

ከዚያ ማግኒዝየም ሰልፌት። የ50 ፐርሰንቱ ሳይቀጥን እንዳለ በደም ሥር አይገፋም፣ ትንፋሽና ልብ ሊያቆም ይችላል። 8 ሚሊ ሊትሩን ከ12 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ ጋር ቀላቀለችው፤ 4 ግራም በ20 ፐርሰንት ማለት ነው። ይህን በደም ሥሯ፣ ከ5 ደቂቃ በማያንስ ጊዜ ቀስ እያለች ሰጠቻት። ወዲያው 10 ግራም በጡንቻ፣ ለሁለቱ መቀመጫ 5 ግራም 5 ግራም፣ ሕመሙ እንዲቀል በእያንዳንዱ መርፌ 1 ሚሊ ሊትር የ2 ፐርሰንት ሊዶካይን ጨምራበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የደም ሥሩን ብቻ ሰጥቶ ይልካል። እሱ ቶሎ ይሠራል፣ ቶሎም በሽንት ይወጣል፤ መንገድ ላይ ይዞ የሚያቆያት የጡንቻው ነው። ማግኒዝየም መደርደሪያ ላይ እያለ ለዚህ የእሱን ያህል የማይሠራውን ማረጋጊያ፣ ዲያዚፓም፣ ወግቶ የሚልክም አለ፣ ይቅር ይበለው።

ለግፊቷ ሃይድራላዚን 5 ሚሊ ግራም በቀስታ። የታችኛው ቁጥር ከ90 በታች ቢወርድ ለጽንሱ የሚደርሰው ደም ስለሚያንስ በየጊዜው እየለካች ነው ያመጣቻት። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ገብቷል፣ መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥበት 18 ቁጥር ካኑላ ተከፍቷል። የጻፈችው ወረቀት ደግሞ! «ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር» ይላል። መጠኑ፣ በየት በኩል እንደተሰጠ፣ ትንፋሿ በደቂቃ 18፣ የጉልበቷ ሪፍሌክስ (ጉልበቷ ሲመታ እግሯ መወርወሩ) አለ፣ ሽንቷ በሰዓት 40 ሚሊ ሊትር። ቀጣዩን 5 ግራም ለመስጠት እኛ የምንፈልገው እነዚህን ሦስቱን ነው፦ ትንፋሽ 16 እና ከዚያ በላይ፣ ሪፍሌክስ ያለ፣ ሽንት በሰዓት 30 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ። አንዱ ከጎደለ መርፌው ይቆያል።

ቦርሳዋ ውስጥ አምቡ ባግ፣ ትንፋሽ ለቆመበት ሰው አየር በእጅ የሚገፋበት ከረጢት፣ አለ። የ10 ፐርሰንት ካልሲየም ግሉኮኔት 10 ሚሊ ሊትር ከሲሪንጁ ጋር በፕላስተር ታስሯል፣ ማግኒዝየሙ ትንፋሿን ቢይዛት ማርከሻው እሱ ነውና። ሳትነሳ ስልክ ደውላ ስለነበር አልጋውም የኦፕሬሽን ክፍሉም ጠበቃት። የባሏን ወንድምና አንድ ጎረቤታቸውን ደም ለመስጠት አሳፍራ መጥታለች። ይህን የምታስብ እሷ ብቻ ናት ብንል ማጋነን አይሆንብንም። የጉጉፍቱን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እናቲቱን በግራ ጎኗ አስተኝታ፣ የራሷን ጋቢ ደርባላት፣ እሷ በነጭ ጋውን ብቻ ነው የወረደችው።

የዚያ አካባቢ እርጉዞች፣ ክትትላችሁን እሷ ጋ አድርጉ፤ 12 ሳምንት ሳይሞላችሁ ጀምሩ። ግፊት የምትለካው 5 ደቂቃ አሳርፋ፣ አስቀምጣ፣ ክንዳችሁን በልብ ትክክል አሳርፋ ነው። ደግሞ «ደህና ነሽ» ብላ አትሸኝም፣ ቁጥሩን ትነግራለች። የታችኛው 90 ወይም የላይኛው 140 ከደረሰ ሽንት ሳታይ አትለቅም። አራስ ቤት ያላችሁም እሷ ጋ ሂዱ። ይህ በሽታ ከወሊድ በኋላም ይመጣል፤ የአራስ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ «ምች ነው» ተብሎ በዳማ ከሴ ሲታሽ ውሎ ማታ የምትንቀጠቀጥ እናት ተቀብለናል። ዳማ ከሴውን አንከለክልም፣ ግፊቷ ቀድሞ ይለካ።

የሥራ ባልደረቦቻችን፣ የሪፈር አጻጻፏን ማየት የምትፈልጉ የእናቲቱን ስም ሸፍነን የወረቀቱን ኮፒ ማዋለጃ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። እናት ይዛችሁ ስትመጡ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከመምጣታችሁ በፊት ግን ማግኒዝየማችሁና ካልሲየም ግሉኮኔታችሁ ጊዜያቸው እንዳላለፈ መደርደሪያውን እዩልን።