ጌዴሎን፦ ያለቀ ግንብ የማያሳየውን የሚያሳይ የግንባታ ቦታ

በፈረንሳይ ቡርጎኝ፣ ትሬኚ አጠገብ ባለ ጫካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረ ጌዴሎን የተባለ ግንብ አለ። ዘዴው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ንድፉም የፈረንሳዩን ንጉሥ የፊሊፕ ኦጉስትን ዘመን ምሽጎች ይከተላል። የታወቁት ግንቦች ማን እንደኖረባቸው ይነግራሉ። በምን ጉልበትና ብልሃት እንደቆሙ ለማየት ግን ከጌዴሎን የተሻለ ቦታ አናውቅም።

ከሁሉ አስቀድሞ አንጥረኛው ዘንድ ይሂዱ። የአካባቢው ድንጋይ ብረት ያዘለና ጠንካራ ስለሆነ የጠራቢዎቹን መሮ ቶሎ ያደንዘዋል፤ ስለዚህ የአንጥረኛው ዋና ሥራ ሰይፍ ሳይሆን መሮ መሳል ነው። የሥራውን ቅደም ተከተል ልብ ብሎ ማየት ይገባል። ብረቱ እስኪቀላ ይግላል፣ ጫፉ ይቀጠቀጣል፣ ከዚያ ጫፉ ብቻ ውሃ ይጠጣል። ከላይ የቀረው ሙቀት ወደ ጫፉ ሲመለስ የብረቱ ቀለም ይለወጣል፤ የገለባ ቢጫ ሲመስል እንደገና ውሃ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ቀድሞ የገባ መሮ ድንጋይ ሲነካ ይሸረፋል፤ የዘገየ ደግሞ ይታጠፋል። ቀለሙ በፀሐይ ስለማይለይ ወደ ጥላው በኩል ይቁሙ።

ቀጥሎ ድንጋዩን የሚያያይዘው የኖራ ሞርታር። ኖራ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ተቃጥሎ፣ ከዚያም ውሃ ተጨምሮበት ነው፤ ውሃው ሲነካው እየፈላ ይፈርሳል። ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ ግድግዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ በዝግታ ይጠነክራል። በፀሐይ ቶሎ ከደረቀ ይፈረፍራል፤ ግንበኛው ድንጋዩን አስቀድሞ የሚያርሰው ለዚህ ነው። ውርጭ ደግሞ በትኩስ ሞርታር ውስጥ ያለውን ውሃ አቀዝቅዞ ያስፋፋዋል፤ ግድግዳውም ይላላል። በመካከለኛው ዘመን በብርዱ ወራት ያላለቀ ግድግዳ በገለባና በፋንድያ ይሸፈን ነበር፤ ብዙ ግንበኞችም እስከ ፀደይ ያለ ደሞዝ ይሰናበቱ ነበር። ጌዴሎንም በብርዱ ወራት ለጎብኚ ዝግ ስለሆነ ቀኖቹን ሳያጣሩ አይነሱ።

ሰው ውስጡ እየተራመደ የሚያዞረው የእንጨት ክሬን ብዙ ሰው ይሰበስባል፣ የሚገባውም ነው። በ12 እኩል ክፍል የተቋጠረችውን ገመድ ግን እንዳያልፏት፤ 3፣ 4 እና 5 ተደርጋ ስትወጠር ትክክለኛ ቀጥተኛ ማዕዘን ትሰጣለች። ቁጥር ለማያነብ ሠራተኛ ይህ በቂ ነበር።

ቅሬታችን አንድ ነው። እዚህ ያለውን የሥራ ፍጥነት የመካከለኛው ዘመን ፍጥነት አድርጎ መውሰድ ያሳስታል። የእንግሊዙ ንጉሥ የሪቻርድ አንደኛ ግንብ ሻቶ ጋያር እ.ኤ.አ. በ1196 ተጀምሮ በ1198 በአብዛኛው ቆሟል፤ ልዩነቱ ገንዘብና የሰው ብዛት ነው። በጌዴሎን ያሉት ጥቂት ደርዘን ሠራተኞች ናቸው፣ ጎብኚ ሲጠይቅም ሥራቸውን አቁመው ያስረዳሉ። የራስ ቁርና የደህንነት ጫማ ማድረጋቸውን ግን እንደ ጉድለት አንቆጥረውም።

ጊዜ ካጠረዎት የአናጺዎቹን ስፍራ አይዝለሉ። የፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 ከተቃጠለ በኋላ ወራጆቹን በመጥረቢያ ከጠረቡት መካከል እዚህ ሙያውን ያካበቱ አናጺዎች ነበሩ። ባሉጥ የተባለው ዛፍ እርጥብ ሳለ ይጠረባል፤ ከደረቀ ለመጥረብ እጅግ ይከብዳል። መጥረቢያው እንደ መጋዝ የእንጨቱን ቃጫ አቋርጦ አይቆርጥም፣ ተከትሎት ይሄዳል፤ ወራጁ ጥንካሬውን የሚጠብቀውም ለዚህ ነው።