ሰሌዳው ላይ 0 የሚል የማዋለጃ ክፍል

ልጄ የበኩር ልጇን ለተገላገለችበት ሆስፒታል ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አዋላጅ ነርስ ነበርኩና ዓይኔ የሚያርፈው ሌላ ጠያቂ ልብ በማይለው ነገር ላይ ነው። ስለ መጋረጃውና ስለ አልጋው ሌሎች ይጻፉ።

ያስደሰተኝን ላስቀድም። የሕፃኑ ጭንቅላት ከወጣ በኋላ ትከሻው ከእናቱ የዳሌ አጥንት ሥር ተያዘ። ይህ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር አይደለም፤ ከአራት ኪሎ በታች በሚመዝኑ ሕፃናትም ይደርሳል። አዋላጇ ጮክ ብላ «ትከሻው ተይዟል!» አለች። ወዲያው አንዷ ሰዓት መመዝገብ ጀመረች፣ ሁለቱ የልጄን ጭኖች አጥፈው ወደ ሆዷ አስጠጉ፣ ሌላዋ ከብልት አጥንት በላይ በመዳፏ ተጫነች። ጭንቅላቱን የጎተተ፣ ሆዷን ከላይ የገፋ ሰው አልነበረም። የማኅፀንን አናት መግፋት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ እንዳይደረግ የመከረው ነው፤ እኔ ግን ሲደረግ ብዙ አይቻለሁ። እነዚህ ሴቶች ተለማምደዋል፤ ያስታውቃል። እንግሊዝ ብሪስቶል ውስጥ በሚገኘው ሳውዝሚድ ሆስፒታል ሠራተኞቹ በአሻንጉሊት መለማመድ ከጀመሩ በኋላ፣ ትከሻቸው ከተያዘ ሕፃናት መካከል የተጎዱት ከ9.3 በመቶ ወደ 2.3 በመቶ ወርደዋል።

ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኮሪደሩ ላይ «በወሊድ ጊዜ የተጎዱ ሕፃናት፦ 0» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። የልጅ ልጄ ተመዘነ፣ ቫይታሚን ኬ ተወጋ፣ ተጠቀለለ፤ ትከሻው ተይዞ የነበረ ሕፃን መሆኑን ሁሉም እያወቁ አጥንቱን በጣቱ የዳሰሰ አንድም ሰው የለም። ጨርቁን ፈትቼ ሳየው ሲደነግጥ ግራ እጁን ብቻ ዘረጋ፣ ቀኙ ከጎኑ ቀረ። በአንገቱና በትከሻው መካከል ያለውን ቀጭን አጥንት ስነካው ከጣቴ ሥር ቀጭ አለ። ለነርሷ ብነግራት «ደክሞት ነው እማማ» አለችኝ። የሕፃናት ሐኪም ካልመጣ አልነሣም ብዬ ተቀመጥኩ። ራጁ ስብራቱን አሳየ።

ስለ ስብራቱ ማንንም አልወቅስም። በወሊድ ጊዜ ከሌላው አጥንት ሁሉ ይበልጥ የሚሰበረው ይህ ነው፣ ጥሩ ባለሙያ እጅም ላይ ይሰበራል፣ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይገጥማል። ነገር ግን እጅ የማይነሣው የክንድ ነርቭ ተጎድቶም ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ክትትልና ፊዚዮቴራፒ ይፈልጋል። ሁለቱን ለመለየት መጀመሪያ ሕፃኑን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። ያልፈለገ አያገኝም፣ ያላገኘ 0 ይጽፋል። ለዚህ ነው ጥቂት ጉዳት መዝግቦ የሚያሳይ ሆስፒታል ይበልጥ የሚያሳምነኝ። ጠንቃቃ የሚባለውም መለኪያ ክፍተት አለው፦ የአሜሪካው የጤና ምርምርና ጥራት ኤጀንሲ የወሊድ ጉዳትን ከ1,000 ሕፃናት ሲያሰላ የክንድ ነርቭ ጉዳትን ከቆጠራው ያስወጣል። እናት ስለ ልጇ የምትጠይቀው ግን ስለዚያች ክንድ ነው።

በቫኪዩም፣ ማለትም የሕፃኑን ጭንቅላት ስቦ በሚያወጣው መሣሪያ፣ ለወለደችም አንድ ነገር ልበል። በአንድ አጥንት ክልል ተወስኖ የሚቀር የጭንቅላት እብጠት በሳምንታት ይጠፋል፣ ምናልባት የሕፃኑ ቆዳና ዓይን ቢጫ እንዳይሆን መከታተል ነው። በጭንቅላቱ ሁሉ እየተስፋፋ የሚሄድ፣ ሲነኩት የሚላወስ እብጠት ግን ከቆዳው ሥር ብዙ ደም እየፈሰሰ ነው ማለት ስለሆነ ለነገ አይባልም።

የክፍሉ ኃላፊ በመጨረሻ መጥተው በትሕትና አዳመጡኝ፤ «ጤናማ» ይል በነበረው የመውጫ ወረቀት ላይ ስብራቱን በእጃቸው ጨመሩበት። ቀጠሮውን ግን እኛው ለምነን ነው ያስያዝነው። ለማዋለዱ ሥራ ዛሬም ልጄን ወደዚያው እወስዳታለሁ። እዚያ የምትወልዱ ከመውጣታችሁ በፊት የሕፃናት ሐኪም ይጠራልን በሉ፣ ልጁም ፊታችሁ ልብሱ ወልቆ ይመርመር።