የሸክላ ፍሬም፦ ከውጭ የመጣው ወይስ ፍሬም ቤት ያሠራሁት?

የድሮ የሙዚቃ ሸክላ ግድግዳ ላይ መስቀል ድሮ የካፌና የሬስቶራንት ነገር ነበር። አሁን ሰው ሳሎኑ ውስጥም ይሰቅላል። ደስ ይላል። እኔም ሁለት ዓይነት ፍሬም ሰቅያለሁ፤ አንደኛው ለሸክላ ተብሎ የተሠራ፣ ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣልኝ ነው። ሌላኛውን ሠፈራችን ያለ ፍሬም ቤት አሠራሁት። ሁለቱም ግድግዳዬ ላይ ከርመዋል፤ ስለዚህ ልዩነታቸውን በደንብ አውቀዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን እባካችሁ፣ ሸክላውን ራሱን በሚስማር አትምቱት፣ በማጣበቂያም ግድግዳ ላይ አትለጥፉት። በተለይ የእኛን አገር ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩትን ትንንሽ) ሸክላዎች። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሲያወጣ፣ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር። ሰውየው ይሄን ሁሉ ደፍሮ ነው የጀመረው። ሥራው የቆየው እስከ 1975 አካባቢ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ካሴቱ መጣና ሸክላ ቀረ። እንግዲህ ከዚያ ዘመን የተረፈውን፣ አንዳንዱ ዛሬ በውድ ዋጋ እንኳን ተፈልጎ የማይገኘውን፣ ለጌጥ ተብሎ ሲበሱት ሳይ ያናድደኛል። ተቧጭሮ ጨርሶ የማይጫወት የውጭ ሸክላ ካላችሁ እሱን እንዳሻችሁ አድርጉት።

ወደ ፍሬሙ ልምጣ። ከውጭ የመጣው ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ፊቱ እንደ መስኮት ይከፈታል። ትልቁ ነገሩ ይሄ ነው። ከግድግዳ ሳታወርዱት ከፍታችሁ ሽፋኑን ትቀይራላችሁ፣ ሸክላውም ከነሽፋኑ ውስጡ ይቀመጣል። ባለፈው አክስቴ ቡና ልትጠጣ መጥታ ሽፋኑን አየችና ቆማ ቀረች፤ «ይሄን እስቲ አጫውትልኝ» አለችኝ። ከፈትኩት፣ ሸክላውን ስቤ ማጫወቻው ላይ አደረግኩት፣ ሽፋኑ እዚያው ግድግዳው ላይ ቀረ። የምወደው እንዲህ ያለውን ጌጥ ነው፤ የሚታይም የሚሰማም።

ችግሩ ፊቱ መስታወት አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው። አቧራ ይስባል፣ በደረቅ ጨርቅ ስትጠርጉት ደግሞ ይቧጨራል፤ ማታ መብራት ሲበራ ጭረቱ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አብሮት የመጣው ማጣበቂያ ደግሞ የእኛን ቤት ግድግዳ አልቻለውም። አንዱ ሌሊት ላይ ቀለሙን ልጦ ይዞት ወረደ። ደግነቱ ውስጡ ያለው ሸክላ ምንም አልሆነም።

ፍሬም ቤቱ ያሠራሁት የእንጨት ነው፣ መስታወቱም እውነተኛ መስታወት። ለባለሙያው ባዶውን ሽፋን ይዤለት ሄድኩ፤ የትልቁ ሸክላ ሽፋን ወደ 31 ሴንቲ ተኩል ስለሆነ ትንሽ ፈታ አድርጎ ለካው። የላይኛውን እንጨት ዝም ብሎ እንዳይመታው፣ ሽፋኑ ከላይ ገብቶ ከላይ የሚወጣበት ክፍተት እንዲተውልኝ ለመንኩት። መጀመሪያ ግራ ገባው፣ በኋላ ግን ከእኔ ሐሳብ የተሻለ አድርጎ ሠራው። ከጀርባ ካለው ችፑድና ከመስታወቱ መሀል ቀጫጭን እንጨት አስገብቶ፣ ሸክላው ከነሽፋኑ ሳይጨናነቅ እንዲቀመጥ አደረገው። አጨራረሱ ያምራል፣ ዋጋውም ከውጭው በብዙ ይረክሳል። ግን ይከብዳል። የኮንዶሚኒየም ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተራ ሚስማር አይበቃውም፤ ልስኑም ይፈረፈራል። በድሪል አስበስታችሁ፣ ፊሸር አስገብታችሁ፣ በብሎን ነው መስቀል ያለባችሁ። ከላይ ክፍት በመሆኑ ደግሞ አቧራ ይገባበታል፤ አልፎ አልፎ ማራገፍ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉ። የሽፋኑ ቀለም ይለቃል፣ ሸክላውም ፕላስቲክ ስለሆነ በሙቀት ይጎብጣል። አንዴ ከጎበጠ ደግሞ መርፌው ላዩ ላይ ይዘላል፣ ማቃናቱም ቀላል አይደለም።

ምን ልስቀል ለምትሉ፣ ዋናውን ቅጂ ማሳደድ የግድ አይደለም። እንደገና የታተሙ አሉ። የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ «ቸ በለው»፣ የ1977ቱ፣ በ2014 እንደገና ወጥቷል። ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 ያሳተመው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ም በ2017 (ሁሉም በፈረንጆቹ) ዳግም ታትሟል። ሁለቱም ትልልቅ ሸክላ ናቸው፣ ከሁለቱም ፍሬም ጋር ልክ ይሄዳሉ። ውጭ የሚኖር ወንድም ወይ እህት ያለው ሰው እነዚህን ቢያስመጣ ይሻለዋል፤ ሲሰቀሉም ሲጫወቱም ሐሳብ የለም።

እኔ ከሁለቱ ምረጥ ብባል የፍሬም ቤቱን ነው የምመርጠው። በየጊዜው እያወጣ ለሚያጫውት ሰው ግን የውጭው ይመቸዋል፤ ማጣበቂያውን ትቶ በብሎን ይስቀለው እንጂ። ለትንንሾቹ ባለ 45 ዙሮች የውጭው ጭራሽ አይሆንም፤ 17 ሴንቲ ተኩል የሆነ ሸክላ ውስጡ ወዲያ ወዲህ ይላል። ለእነሱ አራቱን በአንድ የሚይዝ ጠባብና ረጅም ፍሬም እንዲሠራልኝ ከባለሙያው ጋር ተነጋግረናል፤ ቀብድም ከፍያለሁ።