«የስሜን ድንኳን ቦታ ተይዞላችኋል» ለሚል ቀብድ አትክፈሉ

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር በእንግዳ ትሞላለች። ግንቡን አይቶ፣ ጥምቀተ ባሕሩ ላይ ውሎ ሲያበቃ «እግረ መንገዴን ስሜን ተራራ ሁለት ሌሊት ድንኳን ተክዬ ልደር» የሚለው ብዙ ነው። ይህን እንግዳ ፒያሳ ላይም ቴሌግራም ላይም የሚጠብቀው ሽያጭ አለ፦ «ሳንቃበር ቦታ ይዘንላችኋል፣ ድንኳንም የመኝታ ከረጢትም አለ፣ እናንተ ቀብዱን ብቻ አስገቡ።» ብሩ ሲገባ ማኅተም ያረፈበት ብጣሽ ወረቀት ይሰጣል፤ «ሳንቃበር፣ ቦታ ቁጥር 4፣ 2 ሌሊት» ይላል። ይህን ወረቀት አትግዙ፤ ቦታ ቁጥር 4 የሚባል ነገር የለም።

ሳንቃበር ስሜን ተራራ ላይ በአስታ ዛፍ መሃል ያለ ገላጣ የድንኳን ሜዳ ነው። በቁጥር አልተከፋፈለም፣ ለማንም በስም አይያዝም። ሌሎቹ ማደሪያዎች፣ ግጭም ጨነቅም እንደዚሁ ናቸው። ቀድሞ የደረሰ ደልዳላውን መርጦ ይተክላል፣ ዘግይቶ የመጣ በተረፈው ያድራል። ክፍያው የሚፈጸመው ደባርቅ ባለው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የመግቢያው፣ የድንኳን ማደሪያው፣ የመኪናውና አብሮ የሚሄደው ጠባቂ (ስካውት) ሂሳብ እዚያው ተነግሮ፣ እዚያው ተከፍሎ ደረሰኝ ይቆረጣል። ጠመንጃ የያዘው ስካውትም ከዚያው ይመደባል፤ ያለ እሱ መግባት አይቻልም። የኢትዮጵያዊና የውጭ ዜጋ ዋጋ ስለሚለያይ መታወቂያችሁን ያዙ። የፓርኩ በር ላይ የሚጠየቀው ይህ ደረሰኝ ነው። የፒያሳውን ወረቀት ይዞ የሄደ ሰው ደባርቅ ላይ እንደ አዲስ ሙሉውን ይከፍላል።

«ቢበዛ ቀብዱ ይቀርብኛል» ብሎ የሚያልፈው ሰው አለ። ጉዳቱ ግን ከቀብዱ ይበልጣል። ቦታ ተይዞልኛል ያለ ሰው አይቸኩልም፤ ከጎንደር 4 ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ዳባት ምሳ ይበላል፣ ደባርቅ ወረፋ ይይዛል፣ ሳንቃበር ሲደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። በዚያ ሰዓት የሚተርፈው ወይ ንፋስ የሚያገላብጠው የገደሉ አፋፍ ነው፣ ወይ ጎድጓዳው መሬት። ጎድጓዳው ለዓይን ምቹ ይመስላል፤ ግን ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊቱን ቁልቁል እየወረደ እዚያ ይተኛል፣ ዝናብ ከመጣም ውሃው ወደዚያው ይወርዳል። ጥሩው ቦታ ከጎድጓዳው ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በአስታው ተከልሎ ንፋስ የማያገኘው ነው። ያንን ለማግኘት ከጎንደር ንጋት 12 ሰዓት ተነሱ፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን ግን በዋዜማው ደባርቅ ደውላችሁ አረጋግጡ። ጠዋት ደባርቅ ከፍላችሁ እኩለ ቀን ላይ ሜዳው ላይ ከደረሳችሁ ምርጫው የእናንተ ነው። ከጥምቀት ማግስት ይልቅ ሳምንት ቆይቶ የሚሄድ ደግሞ ያለ ግፊያ ይተክላል።

ሁለተኛው ማታለያ ራሱ ዕቃው ነው። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፣ ጨነቅ 3,600 ያልፋል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጧት ጓሳው ላይ ውርጭ ይታያል። በኪራዩ የሚሰጠው ድንኳን ግን ብዙ ጊዜ ለባሕር ዳርቻ የተሠራ ባለ አንድ ሽፋን ነው። በእንዲህ ያለ ድንኳን ውስጥ ሁለት ሰው ሲተነፍስ ያደረው እንፋሎት ጨርቁ ላይ ይረጋና ይበርዳል፤ ጧት ዚፑን ስትከፍቱ እንደ ደቃቅ ጨው ፊታችሁ ላይ ይረግፋል፣ ፀሐይ ሲነካው ደግሞ ቀልጦ የመኝታ ከረጢቱን ያረጥባል። ሁለተኛው ሌሊት በእርጥብ ከረጢት ነው ማለት ነው። ውስጡ የሚያስተነፍስ ስስ ጨርቅ፣ ላዩ ራሱን የቻለ ዝናብ መከላከያ ሽፋን ያለው፣ በሁለቱ መካከል አየር የሚያልፍበት ድንኳን ጠይቁ።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት ድንኳኑን እዚያው ጎንደር፣ አከራዩ ግቢ ውስጥ አስተክሉት። «ታጥፎ ታስሯል፣ አትፍቱት» የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ ተዉት። ሲተከል ካስማውን ቁጠሩ፤ ለሁለት ሰው ድንኳን ለወለሉና ለሽፋኑ 8፣ ለንፋስ ገመዱ 4 ሊኖር ይገባል። ዘንጉ ፋይበር ከሆነ ከብረት ቀለበቱ አጠገብ በጨርቅ ይዛችሁ ጎትቱት፤ ጨርቁን ክር ክር እያደረገ ከያዘው ተሰንጥቋል፣ በመጀመሪያው ንፋስ ይሰበራል። ለጥንቃቄ 15 ሳንቲ ሜትር የምታህል ቀጭን የብረት ቱቦና ፕላስተር ያዙ፤ የተሰበረውን ቱቦው ውስጥ ከትቶ ማሰር ነው። ዚፑን አምስት ጊዜ አመላልሱት፤ ካለፈ በኋላ ጥርሱ ከኋላ ከተከፈተ መንሸራተቻው ሰፍቷል፣ በፒንሳ ቀስ ብሎ ጠበቅ ማድረግ ለጊዜው ያድናል። ወለሉን በእጃችሁ ዳስሱ። እንደ ማስቲካ ከተጣበቀና የኮመጠጠ ሽታ ካለው ውሃ የሚከለክለው ቅብ አርጅቷል። በመጨረሻ ስፌቱ ላይ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱና 10 ደቂቃ ጠብቁ። ከውስጥ በጣት ሲነካ የሚያረጥብ ከሆነ ሌላ ይምጣ።

የመኝታ ከረጢቱ ላይ ሦስት የሙቀት ቁጥር ያለበት ምልክት ይኖራል። አከራዩ የሚጠራላችሁ ዝቅተኛውን ነው፤ «እስከ ሲቀነስ 15 ይችላል» ይላል። ያ ቁጥር ሰው በብርድ ሳይሞት የሚያድርበት እንጂ እንቅልፍ የሚወስድበት አይደለም። መታየት ያለበት የመጀመሪያው፣ የምቾቱ ቁጥር ነው፤ ለስሜን ሲቀነስ 5 እና ከዚያ በታች ፈልጉ። ከሥር የሚነጠፈውን ስፖንጅ በክርናችሁ ተደገፉት፤ መሬቱ ከተሰማችሁ ብርዱም ይሰማችኋል።

በዚህ ሁሉ ላይ «ለማሞቂያ» ተብሎ የከሰል ምድጃ የሚጨመርበት ጊዜ አለ። እባካችሁ፣ ድንኳን ውስጥ ከሰል አታስገቡ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ማገዶ ለቅሞ እሳት ማንደድም በፓርኩ የተከለከለ ነው። በዚያ ከፍታ ውሃ 88 እና 89 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ምስር ቶሎ አይበስልም፣ ጋዙም ከገመታችሁት በላይ ያልቃል። በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ መያዝ ይሻላል። ጨነቅ ላይ ምግብ ደጅ አታስቀምጡ፤ ቁራው ከረጢት ቀዶ ይወስዳል።

«በመጀመሪያው ሌሊት ጨነቅ» የሚለውንም ዕቅድ አትቀበሉ። ጎንደር 2,100 ሜትር አካባቢ ናት፤ በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ወጥቶ ማደር ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል። የመጀመሪያውን ሌሊት ሳንቃበር እደሩ። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነ የቴሌብሩን የግብይት ቁጥር አታጥፉ፣ መልእክቱንም ፎቶ አንሱ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የሚያፈርስ ወገን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል፤ ከፋዩ ራሱ ካፈረሰ ደግሞ ቀብዱ ይቀርበታል። ስለዚህ «ተውኩት» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ቦታውን አቅርቡ» በሉ። ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» የሚለውን ቃል በ«አገልግሎት ክፍያ» እንዲቀይሩት አትፍቀዱ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ለሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣል፤ አቤቱታውን ይህን ጠቅሳችሁ፣ የወረቀቱን ኮፒ አያይዛችሁ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አስገቡ። ደባርቅ ላይ የተቆረጠላችሁን ደረሰኝም ጨምሩበት፤ ለአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ መክፈላችሁን የሚያሳየው እሱ ነው።